ሦስት ፕሮፎርማ ለነጻ ሶፍትዌር

ሰኔ ሲገባ ባሕር ዳር፣ ሐይቅ ዳር፣ ባዶ የሆቴል አዳራሽ ማግኘት ዘበት ነው። ሐምሌ 1 ሳይደርስ ያልተበላ በጀት ተመላሽ ይሆናልና የድርጅቶቻችን ቸርነት የሚገነፍለው በዚሁ ወር ነው። ችግኝና እምቦጭ ባነር ካገኙ ቆይተዋል፤ አሁን ተራው የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ነጻ ሶፍትዌር፣ ሆኗል። እሰየው! ደግ ሥራ አይቶ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ምስጋናችን ይኸው።

ቅድሚያ ለባነሩ። በስፖንሰሮች ሎጎ ቅደም ተከተልና ስፋት ላይ ብቻ ሁለት ስብሰባ ተቀምጦበታል። የሚደገፈው ሶፍትዌር ሎጎ ግን ከኢንተርኔት የወረደ ትንሽ ምስል ተለጥጦ የተለጠፈ በመሆኑ ምንነቱ አይለይም። ባነሩ የተሠራው በክራክ ፎቶሾፕ ነው። ነጻዎቹ የምስል መሥሪያዎች ጊምፕና ኢንክስኬፕ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቢጫኑ አንድ ብር አይጠይቁም ነበር፤ ለኦፕን ሶርስ ክብር ሲባል ግን የተሰረቀው ተመርጧል።

ቀጥሎ ለዐውደ ጥናቱ። ጠዋት የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የባለድርሻ አካላት መልእክት፤ ከሰዓት በጀልባ ወደ ዘጌ፤ ማታ የጣና አሳ። አበሉ ሳይዛነፍ ይከፈላል። «ተግባራዊ ልምምድ» የተባለው በመጨረሻው ቀን 10፡30 ላይ ሲጀመር አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ዋይፋይ ያንኑ ፋይል ማውረድ ይጀምራል፤ መስመሩም እዚያው ይሞታል። መጫኛውን ቀድሞ በፍላሽ መያዝ፣ ወይም አንዱን ላፕቶፕ ሰርቨር አድርጎ በአዳራሹ ውስጥ ማከፋፈል፣ ኮዱንም ከነሙሉ ታሪኩ ሳይሆን የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ማውረድ ይቻል ነበር። ግን ምን ያስቸኩላል? ሰርተፍኬቱ እንደሆነ ታትሟል።

ቲሸርቱንም አንርሳ። ቲሸርት ለኦፕን ሶርስ ምን እንደሚያደርግ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2020 በደንብ አይቶታል። ሃክቶበርፌስት የተባለው ዘመቻ አራት የኮድ ማሻሻያ ለላከ ሰው ቲሸርት እሰጣለሁ ሲል፣ የማብራሪያ ፋይል ላይ «ግሩም ፕሮጀክት» የምትል ቃል ጨምሮ የሚልክ ሁሉ ጎረፈ፤ ፕሮጀክቶቹን በነጻ የሚንከባከቡት ሰዎች ቆሻሻ ሲለቅሙ ሰነበቱ። አዘጋጆቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደንቡን ቀይረው፣ ፈቃደኛ ነኝ ያለ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ። የእኛዎቹ ከዚህ ስህተት ነጻ ናቸው፤ ቲሸርቱን የሚሰጡት አንድም ነገር ሳይጠይቁ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስንት ካርታ ተሠራ! ሴንቲኔል-2 ሳተላይት በነጻ የሚሰጠውን ምስል ማውረድ፣ ባንድ 4 እና ባንድ 8ን (ቀዩንና ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን) ወስዶ የዕፅዋት መጠቆሚያውን ኪውጂአይኤስ በተባለው ነጻ የካርታ ሶፍትዌር ማስላት፣ ውሃውን ከአረሙ መለየት። አንዱ ፒክስል 10 ሜትር ስለሆነ ትንንሹ ቁራጭ አረም ያመልጣል፣ ክረምት ደግሞ ደመናው አያሳይም፤ ቢሆንም ሥራው ይሠራል። ካርታው ሲታተም ግርጌው ላይ የሦስት ድርጅት ሎጎ ይሰለፋል፤ ኪውጂአይኤስ የምትለዋን ቃል በማጉያ መነጽር ፈልጉ። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ።

«ከዚህ ሁሉ በጀት ጥቂቱን ለሠሪዎቹ ብንልክስ?» የሚል አንድ ያልታደለ የአይቲ ባለሙያ አይጠፋም። ለእሱ የሚሰጠው መልስ ሥርዓት ያለው ነው። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ ኪውጂአይኤስን የሚሠራው ያው የኪውጂአይኤስ ፕሮጀክት ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተወዳዳሪ ከየት ይምጡ? ፋይናንስ ቲን ቁጥርና የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ይላል። ንብረት ክፍል ደግሞ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሳይሆን አልፈርምም ይላል፤ ኮዱን መጋዘን አስገብቶ መቁጠር አልተቻለም። ሕግ አክባሪነት ማለት ይህ ነው! የግዥ ሕጋችን አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን ቀጥታ ግዥ እንደሚፈቅድ፣ ክፍያው «የአባልነት መዋጮ» ወይም «የድጋፍና ጥገና አገልግሎት» ተብሎ ቢመዘገብ አገልግሎት በመሆኑ ሞዴል 19 እንደማያስፈልገው፣ ፕሮጀክቶቹን የሚያስተዳድሩ ፋውንዴሽኖች ኢንቮይስ እንደሚሰጡ፣ ፋውንዴሽን የሌላቸውም ኦፕን ኮሌክቲቭ በተባለው የገንዘብ መሰብሰቢያ መድረክ በኩል ሰነድ ያለው ክፍያ እንደሚቀበሉ ማስረዳት ነገረኛነት ነው። የኪውጂአይኤስ ትንሹ ዓመታዊ የደጋፊ አባልነት ከ500 ዩሮ ይጀምራል። ይህን ከዐውደ ጥናቱ የቡና ዕረፍት ሂሳብ ጋር ማስተያየት ደግሞ ምቀኝነት ነው፤ አናደርገውም። የውጭ ምንዛሪ ወረፋውም አለ፤ እሱስ እውነተኛ ችግር ነው፣ አንቀልድበትም።

ገንዘብ ካልሆነስ? ሌላ ድጋፍ ሞልቷል፣ ድርጅቶቻችንም ያውቁበታል። ለምሳሌ የስህተት ሪፖርት። «አይሰራም!!! አስቸኳይ!!!» ከነምስሉ፤ ምስሉም በስልክ ከስክሪን ላይ የተነሳ፣ የመብራቱ ነጸብራቅ ያረፈበት። የፕሮግራሙ ቨርዥን፣ የኮምፒውተሩ ሲስተም፣ ስህተቱ የሚፈጠርበት ቅደም ተከተል፣ የተጠበቀውና የመጣው ውጤት፣ ፕሮግራሙ ከሚይዘው የክንውን መዝገብ (ሎግ) የተቀዳው ጽሑፍ፣ ችግሩ የሚታይበት ትንሽ የሙከራ ፋይል፤ እነዚህን መጻፍ አሥራ አምስት ደቂቃ ስለሚፈጅ ለሌላ ክፍለ ዓለም በጎ ፈቃደኛ ተትቷል። እሱም ሦስት ቀን ሲገምት ይሰነብታል። ለሰው ሥራ መፍጠር እንዲህ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን «ሀገር በቀል» ሲስተም የሚያበለጽጉትን ነው። ሙድል የተባለውን ነጻ የኦንላይን ትምህርት ሲስተም ያወርዳሉ፣ ስሙን ይቀይራሉ፣ ከየገጹ ግርጌ የባለቤትነት መግለጫውን ያጠፋሉ፣ ሪባን ይቆርጣሉ። ለቀለምና ለአርማ ቴም፣ ለተጨማሪ ተግባር ፕለጊን መጻፍ እያለ፣ ዋናው ኮድ ውስጥ ገብተው መስመር በመስመር ይነካካሉ። ሙድል በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ቨርዥን ያወጣል። አዲሱ ሲመጣ የነኩት ፋይል ሁሉ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል፤ የጻፈው ልጅ ደግሞ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ሄዷል። ስለዚህ «ሰርቨሩን አትንኩት» የሚል የቃል መመሪያ ይወጣል። የደህንነት ማሻሻያው ጊዜው ያልፋል፤ አንድ ቀን የተማሪ ውጤት ገጽ ላይ የቁማር ማስታወቂያ ይወጣል። ያን ጊዜ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ «ኦፕን ሶርስ እኮ አስተማማኝ አይደለም» ተብሎ ለግዥ ጨረታ ይወጣል።

በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም፤ ታላላቆቹም እንደኛው ናቸው። በዓለም ዙሪያ የባንኮችንና የመንግሥታትን ድረ ገጾች ምስጢር የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ በሚያዝያ 2014 (እ.ኤ.አ.) እስኪወጣበት ድረስ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ኪሳቸውን የፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል መጭመቂያ ለዓመታት ብቻውን ተሸክሞ ለደከመ አንድ ሰው አንድ «ረዳት» መጣለት፤ ረዳቱ አመኔታ ካገኘ በኋላ ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር፣ ማለትም ለሰርጎ ገብ የሚከፈት ስውር መግቢያ፣ ቀበረ። የተገኘው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አንድ ባለሙያ የሰርቨር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ በመጠርጠሩ ነው። የእኛ ሰርቨር ቢሆን ግማሽ ሰከንድ ማን ይታዘበው ነበር! ሙሉ ጠዋት ጠፍቶ ሲመጣ እንኳ እግዜር ይስጥልን እንላለን።

እንዲያም ሆኖ ተስፋ አለ። ከየመሥሪያ ቤቱ ኮድ ማንበብ የሚወድ አንድ ወጣት አይጠፋም፤ የኢትዮጵያን ቀን አቆጣጠር የሚያዛባ ስህተት አግኝቶ ስድስት መስመር ማስተካከያ ይጽፋል። ወደ ዋናው ፕሮጀክት ቢልከው በሚቀጥለው ቨርዥን ተካቶ ይመጣል፤ መሥሪያ ቤቱም ለዘላለም ራሱ ከመጠገን ይድናል። ነገር ግን በሥራ ሰዓት የተጻፈ ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ያለ ደብዳቤ አይወጣም። ሕግ ክፍል የፈቃድ ውሉን በአማርኛ ተተርጉሞ ይቅረብልኝ ይላል። የበላይ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአራተኛው ወር «በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ይላክ» የሚል ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ያንኑ ስህተት ሌላ ሰው ጠግኖት ጉዳዩ ከተዘጋ ሰንብቷል። ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለንብረት ክፍል፣ ለውስጥ ኦዲት።