ተነሺ አለ፣ አስነሺ የለም

ሰሞኑን የከተማ ዜና በሰማሁ ቁጥር ያቺው «የልማት ተነሺዎች» የምትባል አነጋገር ትመጣለች፤ ሰፈራቸው ለልማት ሲፈርስ ከቤታቸው የሚወጡትን ሰዎች ማለታቸው ነው። ተነሺዎቹ ተወያይተው፣ ተስማምተው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት እየተባልን ነው። ደሜ ፈላ።

ከውይይቱ ልጀምር። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታውን ቦታውን ከመልቀቁ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አወያዩት ይላል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ሲጀመር ግን ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። ዓመቱ የት ገባ? አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ቢያንስ 872 ሰዎች በግዳጅ መፈናቀላቸውን ጽፏል። ቀን ተቆርጦበት ውጣ የተባለ ሰው «ተስማማ» አይባልም። ምን አማራጭ ነበረው?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያበግነኝ ግን ቃሉ ነው። ተነሺ! ሰውዬው ከተቀመጠበት በራሱ ጊዜ ብድግ ያለ ይመስላል። አስነሺው የት ሄደ? መግለጫዎቹን ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ቦታው ለልማት ተፈለገ። ማን ፈለገው? ቤቶቹ ፈረሱ። ማን አፈረሳቸው? ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዘዋወሩ። ማን አዘዋወራቸው? አድራጊ ያለው ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። ጥብጣብ የሚቆረጥ ዕለት ግን ሰዋስዉ ይገለበጣል። ክብርት ከንቲባዋ መርቀው ከፈቱ። ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎበኙ። ስም ከነማዕረጉ ይጠራል፣ ካሜራውም ይጠጋል። ሲፈርስ በራሱ ፈረሰ፣ ሲያምር እነሱ ሠሩት! ይሄ የአፍ ልማድ አይደለም፣ ታስቦበት ነው። አፍራሹን ከዓረፍተ ነገር ያወጣ ሰው ከተጠያቂነትም ሊያወጣው ነው።

መንገዱ አምሯል፣ አልክድም። ግን ካዛንቺስ ላይ እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩ ምግብ ቤቶች ታስረክብ የነበረች እናት ገላን ጉራ ስትገባ ደንበኞቿ አብረዋት አልሄዱም። ዕድሯም፣ ዕቁቧም ተበትኗል። ጠዋት ጠዋት ልጅ የምታቆይላት ጎረቤት የለችም። «ተነሺ» ሲሏት ይሄ ሁሉ ይሸፈናል። ለልማት ብላ ቦታ የለቀቀች ጨዋ ዜጋ ሆና ትቀርባለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የሚቀጥለው መግለጫ እንዲህ ይበል፦ ይህን ያህል ቤት አፈረስን፣ ማስጠንቀቂያ የሰጠነው በዚህ ቀን ነው፣ ካሳ የከፈልነው ለእነዚህ ነው፣ ያልከፈልነው ለእነዚያ ነው። ከሥሩም ያዘዘው ሰው ስምና ፊርማ ይቀመጥበት።