በመለያ ምት የተጠናቀቀ ፍጻሜ ሽንፈት አይደለም

አንድ ጽሑፍ በአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች እግር ኳስ የኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ስብስብ) ፍጻሜን በመለያ ምት ያጣ ቡድን ሽንፈት ይመዘገብበታል ይላል። ይህ መታረም አለበት። በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር) ደንብ ጨዋታው በመዝገብ ላይ አቻ ነው። ዋንጫውንና በ64 ቡድኖች መካከል ለሚደረገው የዲቪዚዮን አንድ (ከፍተኛው ደረጃ) ብሔራዊ ውድድር ቀጥታ ማለፊያውን ግን በመለያ ምት ያሸነፈው ይወስዳል። ለትንንሾቹ ኮንፈረንሶች አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በር የለም።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመደበኛው ውድድር ተጨማሪ ሰዓት ቀርቷል፤ በጥሎ ማለፉ ግን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ አለ፣ ወርቃማ ጎልም (መጀመሪያ ያገባው ወዲያው የሚያሸንፍበት ደንብ) የለም። ስለዚህ ቡድኖች ያልለመዱት 110 ደቂቃ ድንገት ይገጥማቸዋል፣ ያውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደጋግመው ተጫውተው።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው በቅያሪ ላይ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የወጣች ተጫዋች በዚያው አጋማሽ አትመለስም፤ በሁለተኛው አንዴ ብቻ ትመለሳለች። አጥቂዋን በ60ኛው ደቂቃ አሳርፎ በ68ኛው የመለሰ አሰልጣኝ፣ በ80ኛው እግሯን ቁርጠት ይዟት ካስወጣት እስከ 90ኛው ደቂቃ አያገኛትም። እረፍቷን ከእረፍት ሰዓት በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች መስጠት በጣም ይሻላል፤ ለሁለተኛው አጋማሽ ያለቻት አንድ መመለሻ ሳትነካ ትቆያለች።