የላቡ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ረዘም ስለሚል ጊዜ ያላችሁ አንብቡልኝ።

ትናንት ማታ የታናሽ እህቴን ደብተር አየሁት። እዚሁ ደሴ የኮምፒውተር ኔትወርክ ትማራለች። እኔም የተማርኩበት ኮሌጅ ነው፤ ስሙን ግን አልጠራም። ሰባቱ የኦኤስአይ ሌየሮች፣ ማለትም መረጃ በኔትወርክ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች፣ ከላይ እስከ ታች ቁልጭ ብለው ተጽፈዋል። ከሥር ኔትወርክን ከኔትወርክ የሚያገናኘው የራውተር ሥዕል አለ፣ በማስመሪያ የተሠራ፣ የሚያምር። «ራውተር ነክተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ላቡ እኮ ተቆልፏል» አለችኝ፤ የተግባር መለማመጃ ክፍሉን ማለቷ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ መልስ ናት። እኔ ስማርም ተቆልፎ ነበር።

የኛ ጊዜ ላብ ውስጥ ዕቃ ነበር። በመስኮት አይተነዋል። ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኙት ስዊቾች ካርቶናቸው ላይ ተደርድረው፣ አንዳንዶቹ ፕላስቲካቸው እንኳ ሳይገለጥ። «ይሰበራል» ተባልን። «ኃላፊነት አለበት» ተባልን። ከዚያ 2014 መጣ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ቢሮ፣ ስንት ክሊኒክ፣ ስንት ትምህርት ቤት ባዶውን እንደቀረ ያየ ያውቀዋል። የኛም ላብ ተዘረፈ። ወላሂ፣ ከመዘረፉ በላይ የቆጨኝ አንድም ተማሪ ሳይነካው መሄዱ ነው። ለኛ እንዳይሰበርብን ተቆልፎ ኖሮ፣ ለሌባ በካርቶኑ ቆየለት።

አሁን ሌላ ዕቃ ገብቷል፤ በሩ ግን እንደገና ተቆልፏል።

እኛ ላብ የገባነው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ሊደርስ ሲል። ሃምሳ የምንሆን ልጆች አንድ ስዊች ከበብን። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ያየሁት የሰው ማጅራት ነው። መምህሩ ቪላን (አንዱን ስዊች ለተለያዩ ኔትወርኮች መክፈል) ሠርተው ሊያሳዩን ትእዛዞቹን ጽፈው ሊጨርሱ ሲሉ መብራት ሄደ። ሲመለስ የጻፉት አብዛኛው የለም። ስዊቹ አብዛኛውን ትእዛዝ መጀመሪያ የሚይዘው መብራት ሲጠፋ በሚረሳ ሜሞሪ ላይ ነው። ወደ ስታርትአፕ ኮንፊግ፣ ማለትም መብራት ቢጠፋም ወደማይጠፋው ፋይል፣ ካልገለበጣችሁት ይጠፋል። ያንን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከሁሉም ትምህርቴ በደንብ የያዝኩት መብራት የጠፋበትን ነው፤ ምክንያቱም ፊቴ ላይ ሆኗል።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። መጀመሪያ የታዘዝኩት ከስዊቹ እስከ ሒሳብ ክፍል ኬብል መዘርጋት ነበር። ኬብሉን ላጥኩት። ስምንት ቀጫጭን ሽቦ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ። የቀለሙን ቅደም ተከተል ለፈተና ሸምድጄው ነበር፣ ደፍኜበትም ነበር። ግን በእጄ ሠርቼው ስለማላውቅ ጠፋብኝ። ስለዚህ ጥንዶቹን እንዳሉ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ብርቱካናማው ከነጩ ጋር፣ አረንጓዴው ከነጩ ጋር፣ ሰማያዊው ከነጩ ጋር፣ ቡናማው ከነጩ ጋር። በሌላውም ጫፍ ልክ እንደዚያው። ጫፉ ላይ የፕላስቲኩን ኮኔክተር አግብቼ በክሪምፐር፣ በመጨመቂያው ጉጠት፣ ጨመቅሁት። የኬብል መፈተሻው ቴስተር ላይ ስሰካው ከ1 እስከ 8 በተራ በራ። ደስ አለኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ግን ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፋይል ሲላክ መሃል ላይ ይቆማል። ፒንግ ሳደርግ፣ የሙከራ መልእክት ማለት ነው፣ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ቀልጦ ይቀራል። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁት። የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ አይፒውን፣ ቀየርኩ፣ ስዊቹን አጠፋሁ አበራሁ። የሒሳብ ክፍሏ እመቤት ሲያዩኝ ዝም አሉ፤ እሱ ይብስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመጋዘኑ ኤሌክትሪሺያን መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው። ኮሌጅ አልገቡም። የኬብሉን ጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው በፕላስቲኩ ውስጥ አዩት። «አብሽር ልጄ። አረንጓዴውን ክፈተውና ሰማያዊው መሃሉ ይግባ» አሉኝ። አለቀ።

ነገሩ ይሄ ነው። ኮኔክተሩ ላይ ስምንት ቦታ አለ፤ በ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ኮምፒውተሩ የሚያወራው በ1ና 2፣ በ3ና 6 ነው። 3ና 6 አብረው የተጠማዘዙ ሽቦዎች መሆን አለባቸው፤ ከጎን የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋው መጠማዘዛቸው ነውና። እኔ 3 ላይ ነጭ አረንጓዴ፣ 6 ላይ ሰማያዊ አድርጌ ጥንዱን ለያየሁት። የኔ ዓይነቱ ርካሽ ቴስተር ደግሞ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን እንጂ ማን ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያውቅም። የተለመደው ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አሁን ጨለማ ውስጥ እሠራዋለሁ። ላብ ውስጥ ግን የአሥር ደቂቃ ነገር ነበር። ሰው ሥራ ላይ ሳይሆን እዚያ ነበር መሳሳት የነበረብኝ!

«ፓኬት ትሬሰር አለላችሁ አይደል?» የምትሉ አላችሁ። አለ፤ ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያለማምድ ፕሮግራም ነው፣ ጥሩም ነው። ሰብኔቲንግ (ኔትወርክን በአድራሻ መከፋፈል) የገባኝ በሱ ነው፤ ለራውቲንግም ለቪላንም ተጠቀሙበት። ግን እዚያ ኬብል ተልጦ አይጨመቅም። የመብረቋን ምልክት ስትነኩ የኬብሉን ዓይነት እንኳ ራሱ ይመርጥላችኋል። ደግሞስ ከክፍሉ ልጆች ላፕቶፕ ያለው ስንቱ ነው?

ንብረት ክፍሉን አልወቅስም። ዕቃውን በሞዴል 19፣ በንብረት መረከቢያ ቅጹ፣ ፈርሞ ተረክቧል። ቢጠፋ ከደሞዙ ነው፤ ከ2014 በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ ቢብስ ይገባኛል። ጥፋቱ ኃላፊነቱን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጥሎ ዞር ያለው አሠራር ላይ ነው። ኮኔክተር እኮ አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም፤ አላቂ ዕቃ ነው፣ ሊያልቅ የተገዛ። ውዱን ራውተር አስቀምጡት እሺ። አንድ አሮጌ ስዊች፣ አንድ ጥቅል ኬብል፣ ሁለት ክሪምፐር አውጡና ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ክፈቱላቸው። መምህር ከጠፋ እኔ በነጻ እመጣለሁ፤ ሌሎችም የምንመጣ አለን።

ማታ ለእህቴ ክሪምፐሬንና ቁርጥራጭ ኬብል ሰጠኋት። ስድስት ኮኔክተር አበላሸች። ሰባተኛው ሠራ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ አራት የክፍሏን ልጆች ይዛ መጣች። እናቴ ቡና እያፈላች ነው፣ ሳሎኑ በሽቦ ልጣጭ ተሞልቷል። የመጨረሻ ዓመት የኔትወርክ ተማሪዎች ናቸው። አንደኛዋ ኬብሉን እየላጠች ቀና ብላ «ስዊች ግን ይከብዳል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።