ምስርን ማን አረደው?

ደሴ ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰሞኑን የሠራተኞች ክበቡ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። «ከዚህ በኋላ የጾም ምግብ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀርባል» ይላል። በቀሩት ቀናት ጥብስ፣ ቅቅልና ቀይ ወጥ ነው። ኃላፊው ለምን ሲባሉ የመለሱት ደግሞ ከማስታወቂያውም ይብሳል፦ «ሽሮ ለሥራ ሰው ጉልበት አይሰጥም።»

እሳቸው ሰኞ ገበያ ሄደው ያውቃሉ? ኩንታል ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ወዛደር ጠዋት ክትፎ በልቶ ነው? የወሎ ገበሬስ ቀኑን ሙሉ ሞፈር ይዞ የሚውለው በምን ሆነና? በንፍሮና በቆሎ፣ በባቄላና በሽንብራ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ሲፈርም ለሚውል ሰው ነው እንግዲህ ሽሮ ያነሰው!

ቁጥር ካማራቸውም አለ። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል። ቅቅል ላይ ከምትንሳፈፈው አንዲት ካሮት ነው ይሄ የሚሞላው?

እኔን ይበልጥ ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው። ደሴ እኮ ናት! ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ያደገባት ከተማ። እዚህ ሠርግ ሲደገስ የሙስሊም፣ የክርስቲያን ተብሎ ለየብቻ ይታረዳል፤ ቅር የሚለው የለም። ሥጋ ሲመጣ ማዕዱ ይለያያል፣ በቃ። ምስርን ግን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚያው ክበብ አንዷ ሂጃብ ለብሳ፣ አንዷ ማተብ አስራ በአንድ ትሪ ሲጎራረሱ አይቻለሁ። ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቃል፣ ጎመኑ ይጠቀለላል፣ በስንጉ ቃሪያ ይጣላሉ። አሁን ሐሙስ ላይ ምን ሊሆኑ ነው? ክበቡ የሚያቀርበው የአንዱን ወገን ሥጋ ነው። ሌላው ወይ ምሳ ይቋጥራል፣ ወይ ፒያሳ ይወርዳል፣ ወይ ቦምቦሊኖ በሻይ በልቶ ይውላል። ሠራተኛውን በምሳ ሰዓት ለሁለት መክፈል የአመጋገብ ማሻሻያ ተብሎ ሲቀርብ ዝም ማለት ይከብዳል።

ሐኪም «ሥጋ ቀንስ፣ አትክልት አብዛ» ያለው የግፊት ታማሚስ? ጤነኛ አመጋገብ በፉከራ አይጸናም። ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ርቦት ሲገባ ፊቱ የቀረበለትን ነው የሚበላው። ጎመን ከሌለ ጎመን አይበላም።

ለነገሩ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ማስታወቂያው ላይ ስለሱ ምንም የለም። ረስተውት ይሆናል።

የክበቡ ሽሮ ዘይት ውስጥ ይዋኛል፣ ጨውም ይበዛበታል የሚል ካለ እስማማለሁ። ጥፋቱ ግን የወጥ ቤቱ ነው እንጂ የሽንብራው አይደለም።

ክበቡን በጨረታ የምታከራዩ ሰዎች፣ ቀጣዩ ውል ላይ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ይቅረብ፣ ዘይቱም ይቀነስ። ኃላፊው ጥብሳቸውን ይብሉ። አንቀናም።