ሠዓሊዋ ለምን ዝም ትበል?

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ጋለሪ፣ ሠዓሊዋ አዳዲስ ሥራዎቿን እያሳየች ከተመልካች ጋር የምትጫወትበትን የቅዳሜ ፕሮግራም ሰረዘ። ሰበቡ አንድ ሐያሲ በሬዲዮ የተናገሩት ነው። ጥሩ ሥዕል ማብራሪያ አይፈልግም፣ ሠዓሊ የሚያወራው ሥራው ሲደክም ነው፣ አባቶቻችን ሥለው ዝም ይሉ ነበር አሉ።

ዝም ይሉ ነበር? የትኞቹ አባቶች?

እኚህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቀና ብለው ግድግዳውን አይተው ያውቃሉ? ከቅዱሱ ራስ አጠገብ ስሙ ተጽፏል። ከታሪኩ በላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር መስመር አለ፤ እንዴት እንደተሰቀለ፣ እንዴት እንደተነሣ ይነግርዎታል። ከግርጌው ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ ይታያል፤ «ተማኅፀነ» ተብሎ ስሙ ሰፍሯል። ይህም አልበቃ ብሎ ካህኑ በመቋሚያው እየጠቆመ ያስረዳል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየሳጥኑ ከፋፍለው የሣሉት በየሥዕሉ ላይ ጽፈውበታል። የዓድዋ ሥዕሎች ላይ የመኳንንቱ ስም አለ። ይህ ሁሉ የተጻፈው ሥዕሉ ደክሞ ነው? ገብረ ክርስቶስ ደስታስ? ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። ቃሉ ብሩሹን ያሳነሰበት የት ላይ ነው? የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትሩን፣ ለእንግዳ ቆመው ሲያስረዱ ደካማ ሥራ ነው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ፕሮግራሙ ሳይሰረዝ በፊት ሠዓሊዋ ያለችውን ልንገራችሁ፤ እዚያ ነበርኩ። ትልቁ ሸራ ከሩቅ ሲታይ የቡናማና የሰማያዊ ቁርጥራጭ ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያየቻቸው የእንጨት በረንዳዎች ናቸው። ቀለማቸው ሲላጥ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ ይወጣ ነበር አለች። ጠጋ ብለን በጎን እንድናየው ጠራችን። ቀለሙን ደራርባ ቀብታ በምላጭ ፍቃዋለች። ጠርዙ ላይ ቢጫ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ግራጫ ይታያል። እስከዚያ ድረስ በር ላይ ቆሞ የነበረ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ገባና «የአያቴ ቤት በርም እንዲህ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከሸራው አልነቀለም።

ያ ልጅ ሬዲዮ ላይ ለሚቀርቡት ሐያሲ አይታያቸውም። ማብራሪያ የማያስፈልገው ሰው፣ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ቤቱ ካታሎግ የደረደረ ነው። እሱ ዝምታውን ቢወደው አይገርመኝም። ሌላው ግን ደፍሮ አይገባም፤ ከገባም ዞር ዞር ብሎ ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ሕዝባችን ሥዕል አያውቅም ተብሎ ይታማል!

አፋቸው ከሥራቸው የሚቀድም ሠዓሊዎች አሉ፤ እሺ። ሥራቸው ይተች። የእሷ አፍ ለምን ይለጎማል?

ጋለሪው በአንድ የሬዲዮ ወሬ መደንገጡ ያሳፍራል። ኤግዚቢሽኑ ገና አልተዘጋም። የቅዳሜውን ፕሮግራም ይመልስ። ሐያሲውም ይምጡና የሚሉትን ፊት ለፊቷ ይበሉ፤ እሷም ትመልስላቸው።