ማስተካከያ፦ ጣፋጭ መብላት የዓይነት 1 ስኳር ሕመም መነሻ አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ «ጣፋጭ የሚያበዙ ልጆች ለዓይነት 1 የስኳር ሕመም ይጋለጣሉ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ከክብደትና ከአመጋገብ ጋር ከሚያያዘው ከዓይነት 2 ጋር አደባልቄዋለሁ።

በሕፃናት ሕክምና መመሪያዎችና በታተሙ ጥናቶች የሰፈረው እንዲህ ነው። በዓይነት 1 የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠር ሆርሞን) የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ራሱ ያጠቃል። ለዚህ የሚያጋልጡ በውርስ የሚመጡ ዘረ መሎች አሉ፤ አንዳንድ የቫይረስ ኢንፌክሽኖችም ሳይገፋፉት አይቀሩም። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሕመሙ ካለባቸው ዕድሉ ከፍ ይላል። ሆኖም በሽታው ከሚገኝባቸው ልጆች አብዛኞቹ፣ ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት፣ የታመመ የቅርብ ዘመድ የላቸውም። ስለዚህ «በዘራችን ስኳር የለም» ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው።

የጻፍኩት ነገር ጉዳት አለው። ወላጆች ያለ ጥፋታቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ጣፋጭ በመከልከል ብቻ ሕመሙ የሚድን የሚመስላቸው መኖራቸው ነው፤ የታመመ ልጅ ያለ ኢንሱሊን በሕይወት መቆየት አይችልም። ልጅ ውሃ ጥም ከበዛበት፣ ሽንት ካመላለሰው፣ መኝታው ላይ መሽናት ከጀመረ ወይም ከከሳ በዚያው ቀን የደም ስኳሩ ይለካ።

የቀድሞውን ያጋራችሁ ሁሉ ይህንንም አጋሩልኝ።