«ልቤን አመመኝ» ስንል

ሕመሙ መጀመሪያ የመጣብኝ በፋሲካ ሌሊት ነው። ሜሪላንድ ከመጣሁ ዘጠነኛ ዓመቴ ነበር። 55ቱን ቀን ጾሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ዶሮ ወጡን በልቼ ጋደም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ወደ ጀርባዬ ዞረ፤ ቀኝ ትከሻዬ ድረስ ወጣ። መተኛትም፣ መቀመጥም፣ መቆምም እምቢ አለኝ።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። በስልክ ከአስተርጓሚ ጋር አገናኙኝ። «ልቤን አመመኝ» አልኩ። አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ አስተላለፈው። ወዲያው ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጣጠፈ፣ ደም ተቀዳ፣ ሁሉም ወደ ልቤ ሮጠ። እኔ ግን «ልቤን» ያልኩት እናቴ እንደምትለው ነበር፤ ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለውን ቦታ። እኛ ቤት «ልቤን አቃጠለኝ» ያለ ሰው ተልባ ይጠጣል እንጂ የልብ ሐኪም ጋ አይሄድም። አልትራሳውንድ የተነሣሁት ሲነጋ ነው። ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር ሞልቷል።

ይኸው አምስት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከገንዘቡም ከመሣሪያውም በላይ ያስጨነቀኝ ሕመሙን የምንጠራበት ስም ነው። እዚህም አገር ቤትም ሕመምተኛ የሚንገላታው መጀመሪያ በስሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበታችን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚሆን ሐሞት ያመርታል። ከረጢቱ ትንሽ ናት፤ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብትይዝ ነው። ሥራዋ ሐሞቱን አጠራቅማ ስብ ያለው ምግብ ሲመጣ ጨምቃ ወደ አንጀት መላክ ነው። በምትጨመቅበት ሰዓት ጠጠር አፏ ላይ ከተወተፈ ያ የፋሲካ ሌሊት ሕመም ይመጣል። ጾሙን ጥፋተኛ እያደረግሁ አይደለም። ጠጠሩ ከዚያ በፊትም ነበረ። ብዙ ሰው ጠጠር ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። እኔን ያስነሣብኝ ከስንት ሳምንት በኋላ በአንዴ የወረደው ቅቤ ነው።

አገር ቤት ግን የዚህ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨጓራ። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ስትል ኖረች። ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየገዛች ትውጥ ነበር። የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒትም ሁለት ጊዜ ጀምራ ጨረሰች። ባክቴሪያው እኛ ዘንድ በጣም የተስፋፋ ስለሆነ ሐኪም መጀመሪያ እሱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግን ሁለት ጊዜ ታክማ ካልተሻላት፣ ሕመሙ ቅባት በበላች ቁጥር ከመጣ፣ በቀኝ በኩል ወደ ትከሻ ከወጣ፣ አልትራሳውንድ ማዘዝ ከባድ አልነበረም። በየሰፈሩ ክሊኒክ ያለ መሣሪያ ነው። ጎረቤት ደግሞ በደግነት «ቅቤ ያለሰልስልሻል» እያለ ለጋ ቅቤ ያመጣላታል። እሷም ትበላለች። ሌሊት ታለቅሳለች።

ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። አሁን ስሙ ተቀየረ፤ «የወፍ በሽታ» ተባለ። የወፍ በሽታ ደግሞ ሐኪም ቤት አይወሰድም የሚል እምነት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። «መርፌ እንዳትወጊ፣ ትሞቻለሽ» አሏት። ቅጠል ስትጠጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔ የሰማሁት ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ቪዲዮ ላይ ፊቷን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጠጠሩ ከከረጢቷ ወጥቶ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። መውጫ ያጣ ሐሞት ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድር ይነጣል። ከዚህ ሌላ የጻፍኩትን ብትረሱ እንኳ ይህችን ያዙልኝ፦ ቢጫነትና የሆድ ሕመም ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ቱቦው መርቅዞ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ጠበልም ቢሆን ከሐኪም ጋር ይሄዳል፤ እኔም ጠበሌን ከመድኃኒቴ ጋር ነው የምጠጣው።

እህቴ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ ጠጠሩ ወጣላት። ኢአርሲፒ ይሉታል። ይህን የሚሠሩት ቦታዎች አዲስ አበባ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ሰው እንዴት እንደሚሆን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ቀጥሎ ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ።

እማዬ በእኔም ጊዜ በእሷም ጊዜ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። «ሰው ያለ ሐሞት ይኖራል?» አለች። እውነቷን ነው። በእኛ ቋንቋ ሐሞት ወኔ ነው። የፈራ ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ ይባላል። ሐሞቱን የሚያመርተው ጉበት እንደሆነ፣ የወጣው ማጠራቀሚያው ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። በርሊን ውስጥ አንድ ሐኪም ይህን ቀዶ ሕክምና መጀመሪያ የሠራው በፈረንጆቹ 1882 እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ያለ ከረጢቱ በሰላም እንደሚኖር ነገርኳት። «እሱ ያውቃል» ብላ ዝም አለች።

ሁለታችንም ያው ቀዶ ሕክምና ነው የተሠራልን። የተኛንበት ግን በጣም ይለያያል። እኔ በአራት ትንንሽ ቀዳዳ ተሠርቼ በዚያው ቀን ወጣሁ። ትልቅ ሰው መጥቶ ካልወሰደሽ አንለቅሽም አሉኝ። አንድ ጓደኛዬ የቀን ሥራዋን ቀርታ ወሰደችኝ። ማታ ሥራዋ ሄደች። እኔ ሾርባዬን ራሴ አሞቅሁ። እህቴ ሆዷ ተከፍቶ ነው የተሠራችው፤ ሳምንት ተኛች። አስታማሚ ግን አላጣችም። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ንጹሕ አንሶላ፣ አንዷ ዝም ብላ እግሯን የምታሽ። ወረፋው፣ መድኃኒት ከውጭ ግዙ መባሉ፣ ዘመድ ሁሉ ገንዘብ ሲያዋጣ መክረሙ ደግሞ የዚያኛው ወገን ሸክም ነው።

እዚህ ሂሳቡ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሆስፒታሉ ለብቻ፣ ቀዶ ሐኪሙ ለብቻ፣ ያደነዘዘው ለብቻ፣ ፎቶውን ያነበበው ለብቻ። ይህን ፈርተው ቤታቸው ተጨብጠው የሚያድሩ ሐበሾች አውቃለሁ። አትደሩ። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳያስቀድሙ መመርመርና ማረጋጋት ግዴታቸው ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚረዱበት ደንብ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። የእኔን ግማሽ ያህል ያቀለለልኝ ያንን ቅጽ መሙላቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ጠይቄ ነው።

እህቴ ዳነች። እኔ ግን አልዳንኩም። ከረጢቱ ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ ያው ሕመም ተመለሰ። እንደ ድሮው አይጮኽም፤ ግን ከቤቴ አይወጣም። ደሜ ደህና ነው፣ ቱቦዬ አልሰፋም፣ ጠጠር የለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመማቸው የሚቀጥል ሰዎች አሉ። ሐሞት ቱቦው አንጀት ላይ የሚከፈትበት ቦታ እንደ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ጡንቻ አለች። ኦዲ የሚባል ጣሊያናዊ ገና ተማሪ ሳለ በ1887 የገለጻት ናት። «ሕመሙ ከእሷ ከሆነ እሷን ቁረጡልኝ» ብዬ ለመንኩ። ሐኪሜ እምቢ አለ። በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንደ እኔ ባሉ ሰዎች ላይ ጡንቻዋን መቁረጥ፣ የተቆረጠላቸው መስሏቸው ሳይቆረጥላቸው ከቀሩ ሰዎች የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አስረዳኝ። ቆሽትን ሊያስቆጣ የሚችል አደጋም አለው። ያን ቀን ተናደድኩ። አሁን አመሰግነዋለሁ።

በምትኩ የታዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ማታ ማታ በትንሽ መጠን። በከፍተኛ መጠን ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በትንሹ ሲሆን ሕመም የሚያመላልሱትን ነርቮች ያረጋጋል። ይህን የሰማች አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት «ለምን የአእምሮ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ይኸው ደግሞ ሌላ ስም። አገር ቤት ደግሞ «ወጥቶልሽ የለም እንዴ? ጭንቀት ነው» ይሉኛል። እዚህ ሐኪም «ምርመራሽ ንጹሕ ነው» ይለኛል። ንጹሕ ነው ማለትና አያምሽም ማለት አንድ አይደለም። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የሚያመው ሰው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ እመኑት። መድኃኒቱ ሕመሜን አላጠፋውም። እንቅልፌን ግን መለሰልኝ።

ሐኪሞቹ በየቀጠሮው «ከ10 ስንት ነው?» ይሉኛል። መጀመሪያ ቁጥር መስጠት አቅቶኝ ነበር። ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይነፋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፤ እነዚህ አራቱ ለእኔ አራት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፣ ሁሉም ግን ስድስት ሊሆኑ ይችላሉ። አሁን አስተርጓሚ ባይኖርም ጣቴን ቦታው ላይ አድርጌ አሳያለሁ። ልቤን አልልም።

እትዬ ማታ ማታ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። «ዛሬስ ከ10 ስንት ነው?» ትለኛለች። ቁጥሩን ከእኔ ነው የለመደችው። «እየጠዘጠዘኝ ነው» እላታለሁ። «በይ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርገሽ ያዢበት፤ እንዳያቃጥልሽ ጨርቅ ጠቅልዪበት» ትለኛለች። ጠርሙሱን ሞልቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ እተኛለሁ።